የደበዘዙ ፊደሎች

"አውጪው አልኩሽ" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ስክሪኑ ላይ ወዳለችው ትንሽ ቁልፍ ጣታቸውን ቀስረው።

ፕሮግራመሯ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳችም። ገጹ ለአንድ የዓይን ክሊኒክ የተሠራ የቀጠሮ መያዣ ነው። ፊደሎቹ ግን ደቃቃ፣ ቀለማቸውም ከነጩ መደብ እምብዛም የማይለይ ግራጫ። ዓይኑን ያመመው ሰው እንዲያነበው የተሠራ ነው ቢባል ማን ያምናል? እሷ ታዲያ አንድ ቁልፍ ጨመረችበት፤ ሲጫኑት ገጹ እንደገና ሳይከፈት ፊደሎቹ ባሉበት ያድጋሉ፣ ይጠቁራሉ።

"መልኩን ገደልሽው" አለ ከጎኗ የተቀመጠው ዲዛይነር። "ስንት የለፋሁበትን ገጽ የሠፈር ማስታወቂያ አስመሰልሽው።"

"የለፋህበትን አባቴ ማንበብ አልቻለም። ትናንት ስልኩ ላይ ልኬለት 'ልጄ፣ ባዶ ነገር ነው እንዴ የላክሽልኝ?' አለኝ።"

"አባትሽ ውል አይፈርሙልንም" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ዛሬ የክሊኒኩ ባለቤት ይፈርሙልን፤ ከዚያ በኋላ እናስብበታለን። አንቺም የሙከራ ጊዜሽን ገና አልጨረስሽም፤ ለራስሽ ብታስቢ ይሻልሻል።"

ነገሩ ገብቷታል። ይህን ሥራ ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠንታለች። እዚህ ቢሮ ውስጥ "እናስብበታለን" የተባለ ነገር ደግሞ ውሃ በልቶት ነው የሚቀረው። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ቁልፉን ከገጹ ላይ ሰወረችው። አሠራሩን ግን አልነካችውም፤ ከሥር እንዳለ ነው።

ከምሳ በኋላ የክሊኒኩ ባለቤት መጡ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ሐኪም ናቸው። ሥራ አስኪያጁ የገጹን ውበት ሲያወድሱ ፕሮግራመሯ እየከፈተች ታሳያለች። ሐኪሟ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ፣ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ፣ ከዚያም እንዳነበበ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። አላነበቡም። መናገሩ አሳፍሯቸው ነው። ዓይን የሚያክሙት እንኳ ካፈሩ ታካሚውማ ምን ሊል ነው? እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ከፍታ የደበቀችውን አሠራር የሚያስነሳ አንድ መስመር ጻፈች። ገጹ ዓይናቸው እያየ ተለወጠ፤ ግራጫው ጠቆረ፣ ደቃቃው ገዘፈ፣ "ቀጠሮ ይያዙ" የሚለው ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

"አሃ፣ አሁን ታየኝ" አሉ ሐኪሟ።

"ይቅርታ፣ ትንሽ ብልሽት ነው" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ፈገግ ለማለት እየታገሉ። ወደ ፕሮግራመሯ ጠጋ ብለው "ቶሎ መልሺው" አሏት።

ፈርታለች፤ ፍርሃቷ ግን ከንዴቷ አልበለጠም።

"ብልሽት አይደለም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "አውጪው ስለተባልኩ ነው የደበቅሁት።"

ዲዛይነሩ አቀረቀረ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሊመልሱት እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ሰደዱ።

"እስቲ ዶክተር፣ እርስዎ ቀጠሮ ይዘው ይሞክሩት" አለችና ላፕቶፑን ከሥራ አስኪያጁ እጅ ሥር አንስታ ሐኪሟ ፊት አስቀመጠችው።