ሁለተኛው ምት

አናጢው ከሥራ ሲመለስ የእህቱን ጩኸት የሰማው ገና ከቤቷ ደጅ ነው። በሩን በርግዶ ሲገባ ባሏ በአንድ እጁ ጸጉሯን ጨምድዶ፣ በሌላው ቢላዋ አንስቶባታል። አናጢው ከቦርሳው መዶሻውን መዝዞ ክንዱን መታው። ቢላዋው ወደቀ፤ ሰውየውም ተንበረከከ። መዶሻው ግን እንደገና ተነሣ። በዚያው ቀረ ሰውየው።

የቆመችለት ተከላካይ ጠበቃ እስር ቤት ድረስ መጥታ ነገሩን አስረዳችው።

«የመጀመሪያው ምት ነፍስ ለማዳን ነው፤ በእሱ ሕጉ አይጠይቅዎትም። ጣጣው ሁለተኛው ነው። ያኔ ቢላዋው በእጁ ነበር?»

«አሥር ዓመት ሙሉ እኮ ሲቀጠቅጣት ኖሯል!»

«እሱ ቅጣት ያቀልልዎት ይሆናል። መከላከል የሚባለው ግን አደጋው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።»

አናጢው አንገቱን ደፋ። «ፈርቼ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛውን ስመታው ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲናገሩ ማንም አያስገድድዎትም። ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። እኔ ግን አብሬዎት አልዋሽም።»

በችሎቱ ቀን ግን እህቱ ልታድነው ቆርጣ ነበር የመጣችው። ለምስክርነት ቆማ፣ «ቢላዋው እስከ መጨረሻው ከእጁ አልወጣም» አለች።

ዐቃቤ ሕጉ ፎቶግራፍ አሳያት። ቢላዋው ከሬሳው ርቆ አልጋው ሥር ተኝቷል።

«ታዲያ እዚያ ማን አደረሰው?»

«እኔ እንጃ... እኔ...» ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያሳስር አስጠነቀቋት።

አናጢው ዞሮ ወደ በሩ አየ። ሁለቱ ልጆቿ ውጭ አግዳሚ ላይ ነበሩ። ብድግ አለ፤ ጠበቃዋ እጅጌውን ብትጎትተውም አልሰማትም።

«እሷን ተዉአት! ቢላዋው ወድቆ ነበር። ባዶ እጁን ሳለ ነው የመታሁት።»

መከላከሉ ከመጠን አልፏል ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ሲወስዱት እህቱ ፖሊሶቹን ጥሳ ደረሰችበት። «ላድንህ እኮ ነበር፣ ወንድምዓለም! ምነው አፌን ዘጋኸው?»

«አንቺም ከገባሽ ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል?»

«ትልቁ ልጄ በሩ ሥር ቆሞ ሰምቶሃል» አለች እንባዋን እየዋጠች። «'አጎቴ የገደለው አባዬ ባዶ እጁን ሳለ ነው?' አለኝ። ምን ልበለው?»

አናጢው አንገቱን አስግጎ ልጁን በዓይኑ ፈለገ። ፖሊሱ ትከሻውን ገፋ አደረገው፤ አናጢውም መኪናው ውስጥ ገባ።