ሥጋው ቧንቧውን እስኪይዘው

ሐኪሙ አጥብቆ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር፦ «ክንዱን ማንም እንዳያሸው።» የባሌ የፔሳሚኖ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ወዲህ ደሙ በማሽን ይታጠባል። የራሱ የደም ሥር ቀጭን ስለሆነ ክንዱ ላይ ከቆዳው በታች ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ ቀበሩለት። ቧንቧው ለሥራ እስኪደርስ የሚታጠበው አንገቱ ላይ በተሰካ ጎማ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ አመርቅዞ ሊገድለው ነበር።

«የቧንቧው ግድግዳ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል» አለን ሐኪሙ። «ሥጋው ቀስ እያለ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል። እስኪይዘው ታገሡ።»

ክንዱ አበጠ። እንደሚያብጥ ተነግሮናል፤ ግን እብጠት አይተን ዝም የምንል ሰዎች አይደለንም። የባሌ ታላቅ እህት ፌቱዋኦ ደግሞ መንደሩ ሁሉ የሚያምናቸው ወጌሻ ናቸው። ሳምንታት አልፈው እብጠቱ አልጎድል ሲል፣ እኔ ለመዝሙር ልምምድ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩበትን ሰዓት ጠብቀው መጡ። ስመለስ የወንድማቸውን ክንድ ጭናቸው ላይ አስተኝተው በኮኮናት ዘይት ያሹታል።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ውሃ ቋጥሮ ዝም ይባላል እንዴ? ላወርድለት ነው።»

«ባሌን ሊገድሉብኝ!»

«ያንቺ ባል ከመሆኑ በፊት የኔ ወንድም ነው።»

ፔሳሚኖ ዓይኑን እንደጨፈነ «ደስ ይላል እኮ» አለ። በጥፊ ባጮለው እንዴት ደስ ባለኝ!

በማግስቱ ማለዳ ሦስታችንም ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ዋና ከተማችን አፒያ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርን። ቧንቧው ሲታሽ ተንሸራቶ ከሆነ ይወጣል፤ ሌላ የሚቀበርበት ቦታ እንደሌለ ተነግሮናል። የሚቀረው የአንገቱ ጎማ ብቻ ነው። ከመፍራቴ ብዛት እትዬን ማየት ጠላሁ።

ነርሷ ሎታ ክንዱን ገልጣ አሸተተች። «ይሄ ክንድ ሊጠበስ ነው እንዴ?»

እትዬ አንገታቸውን ደፉ። ሎታ ዘይቱን አጥባ ሐኪሙን ጠራች። እሱም በጣቱ ዳሰሰ፣ አዳመጠ፣ ከዚያ ውስጡን በሚያሳይ ማሽን አየው። እኔ የማየው ፊቱን ነበር።

«ይዞታል» አለ በመጨረሻ። «ሥጋው ዙሪያውን ገብቶበታል። ማሸቱ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናወጣው ነበር። ሁለተኛ እንዳይሞከር! በሉ፣ የዛሬውን እጥበት በሱ እናድርገው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ከኔ ብሰው ስቅስቅ አሉ። መርፌዎቹ ገቡ፤ ደሙ በክንዱ ወጥቶ ታጥቦ በክንዱ ተመለሰ። የአንገቱ ጎማ በቅርቡ ይነቀላል ስንባል «ተመስገን» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ።

ትንሽ ቆይቶ ፔሳሚኖ ተቁነጠነጠ። «እትዬ፣ እግሬ ደነዘዘብኝ።»

እትዬ እጃቸውን ሰደድ አድርገው መለሱት። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አዩኝ።

«እግሩን ብቻ» አልኳቸው፤ ወንበሬንም ለቀቅኩላቸው።