ባዶ መቅረት የነበረበት ሰባት ቁጥር

በንጎንግ መንገድ ያለው የሙቴው መሥሪያ ቤት እሷ ሳታውቅ አንዲት ቁጥር አይሰጥም ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ስንት ነገር እንደ ልብ በሚሰጥበት ዘመን ይሄ ቀልድ ይመስላል። ግን ሙቴው ቀልድ አታውቅም፤ ቁጥር ከተነሳ ደግሞ ጭራሽ።

ሥራቸው የምስጠራ ላይብረሪ ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች ሰነድ ሲፈርሙና ፊርማ ሲያጣሩ የሚጠሩት ኮድ ማለት ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ሰነድ በሆዱ ውስጥ በነጥብ የተከፋፈለ ረጅም መለያ ቁጥር ይይዛል። ዓለም ሁሉ የሚጋራው ግንድ አለ፤ ከግንዱ ላይ ለመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ቅርንጫፍ አለ፤ ከዚያ በታች ያለውን ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያድላል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ማሽኑ ስም አያነብም፣ ሰውም አያውቅም። የመጨረሻዋን ቁጥር ያያል፣ «ይሄ የባለቤት ካርድ ነው» ወይም «ይሄ ደረሰኝ ነው» ይላል፤ አለቀ።

ሕጉም አንድ ነው። ቁጥር አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ። የተሰጠለት ነገር ቢቀር እንኳ ለሌላ አይሰጥም፤ ቦታው እስከ ወዲያኛው ባዶ ይቀመጣል። ሙቴው ለአዲስ ሠራተኞች ስታስረዳ፣ የሟች ወዳጅ ስልክ ላይ ደውላችሁ የማታውቁት ሰው «ሃሎ» ብሏችሁ አያውቅም ወይ ብላ ትጠይቃቸው ነበር። ላይብረሪው የተያዘ ቁጥር ድጋሚ ሲመዘገብ እምቢ ብሎ እንዲቆም ያደረገችውም እሷው ናት። መቆለፊያውን በገዛ እጇ ነው የሠራችው።

ታዲያ አንድ ቀን አለቃዋ ኪፕሮኖ መጣ። ኪፕሮኖ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከነከነ። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ሠርጓ ላይ ከወንድሞቿ ጎን ቆሞ የጨፈረ ሰው ነው። የመጣው ማቻኮስ ላለው የመሬት ገዢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጉዳይ ነበር። የማኅበሩ አባል ድርሻ ይገዛል፣ ድርሻው ቦታ ያስገኝለታል፣ ባለቤት ለመሆኑ የተፈረመ ካርድ ይይዛል። አሁን ደግሞ ማኅበሩ ድርሻውን መልሶ ገንዘቡን ለወሰደ ሰው የሚሆን ካርድ ፈለገ፤ ያውም ለመጪው ሰኞ። ችግሩ ገጠር ያሉት ማንበቢያ ማሽኖች ርካሽ ናቸው፤ የሚያውቋቸው ቁጥሮች አብረዋቸው ተቀብረው ነው የመጡት። በቁጥሩ ትይዩ ያለውን ጽሑፍ ከናይሮቢ ሆኖ መቀየር ይቻላል፤ አዲስ ቁጥር ለመጨመር ግን ማሽኑን አንድ በአንድ ሰብስቦ መክፈት ነው። ሥራ ፈት የሆነ ቁጥር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ሰባት።

ሰባት የመጀመሪያው የባለቤት ካርድ ነበር። የተፈረመበት ዘዴ ሲያረጅ በአሥራ ሁለት ተተካ፤ አባላቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ መጥተው ካርዳቸውን እንዲቀይሩ ተጠሩ። ሁሉም ቀይሯል ብሎ ሊቀ መንበሩ አረጋገጠ። ሰባት ሞተ።

ሙቴው እምቢ አለች። የባለቤትን ቁጥር ለለቀቀ ሰው ይሰጣል ወይ ብላ ጮኸች። ኪፕሮኖ አልተቆጣም።

«ሙቴው፣ ባለ ሰባት ካርድ በዓለም ላይ የለም። የሌለ ነገር ማንን ይጎዳል?»

ሥራው ካመለጠን ከእናንተ ግማሻችሁን ማሰናበቴ ነው ብሎም ጨመረበት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ስክሪናቸውን ያዩ ጀመር፤ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «ልክ ናት» አላለም። ይሄ ነው አንጀት የሚያሳርረው። ሕጉን ሁሉም ያውቁታል።

ተቀመጠችና ጻፈችው፤ ሰባት፣ «የተመለሰ ድርሻ»። ላይብረሪው ቁጥሩ ተይዟል ብሎ ቆመ። የራሷ መቆለፊያ ነው እንግዲህ። ትንሽ አየችው፤ ከዚያ የድሮውን መስመር አጠፋችና ድጋሚ ሞከረች። ምንም ሳይል አለፈ። ምሳ ሰዓት ስለነበር ወርዳ ቻፓቲ በባቄላ በላች።

ማቻኮስ ውስጥ ስዮካው የምትባል አክስት አለቻት። የእናቷ ታናሽ ናት፤ እናቷ ስትሞት አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ስዮካው ኪዮንዶ ቅርጫት እየሰፋች ነው የኖረችው፤ በቅርጫቱም ነው ድርሻውን የገዛችው። በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ዕቁብ ገንዘብ ያዥዋ ስዮካው ነበረች። ማን መቼ እንዳዋጣ፣ ማን በማን በኩል እንደላከ፣ ወረቀት ሳትነካ በቃሏ ትዘረግፈዋለች። በዚህ ነበር የምትታወቀው፤ በጭንቅላቷ።

ዝናብ ከመጣሉ በፊት ቦታዬን አጥር ላሳጥር ብላ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ ካርዱን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። «የተመለሰ ድርሻ» አለ ማሽኑ።

ጸሐፊዋ እማማ፣ እርስዎ እኮ ድርሻዎን መልሰው ገንዘብዎን ወስደዋል አለቻት። ስዮካው መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ተከራከረች። የማኅበሩ መዝገብም የየአባሉ የካርድ ቁጥር በማሽኑ ስለሚነበብ፣ ድርሻቸው ተመልሷል የተባሉ ሰዎች ቦታ እየተቆጠረ ለሌላ ሲታደል ሰንብቶ ነበርና የእሷም ለአንድ የኪቱይ አስተማሪ ደርሶ ኖሯል፤ ሰውየው መሠረት አውጥቶ ድንጋይ እየደረደረ አገኘችው። ቆማ አየችውና ቤቷ ገባች። ገብታም ማሰብ ጀመረች። ባለፈው ድስት እሳት ላይ ረስታ ነበር። የጎረቤቷን ልጅ በወንድሙ ስም ጠርታው ነበር። ስልኩን አንስታ ሙቴው ጋ ደወለች።

«ልጄ፣ መሬቱን መልሼ ረስቼው ይሆን እንዴ?»

ሙቴው ካርድ የተቀየረ ጊዜ የት ነበርሽ ብላ ጠየቀች። ያኔማ አንቺ ዘንድ ነበርኩ አለች ስዮካው፤ አራስ ነበርሽ፣ ልጁን ሳጥብልሽ፣ ገንፎ ሳገነፋልሽ፣ ረሳሽው እንዴ? ሙቴው የመለሰችላት «ቆይ ላጣራ» ብቻ ነው። ምን የሚጣራ ነገር ነበረው? ምንም።

ኪፕሮኖ ቢሮ ገብታ ሰባትን ወደ ቦታው እንመልሰው አለች። ኪፕሮኖ ራሱን ያዘ። እስከዛሬ ድርሻቸውን መልሰው ገንዘባቸውን የበሉ ሁሉ ባለ ሰባት ካርድ ይዘዋል፤ ሰባትን ዳግመኛ የባለቤት ካደረግነው እነሱም ባለቤት ሆነው ሊነሱ ነው አላት። አንድ ቁጥር ሁለት ነገር ሊሆን አይችልም፤ ይሄን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ለአክስትሽ ብቻ በእጅ እናስተካክል ብንል መሥሪያ ቤቱ ተሳስቻለሁ ብሎ መጻፍ አለበት፤ ጠበቃው አይሞከርም ብሏል። ትንሽ ታገሺኝ አላት። ታገሠች። እሷም የራሷ ልጅ አላት፣ የቤት ኪራይ አለባት፣ ፈራች።

እሷ ስትታገሥ ስዮካው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የዕቁቡን ቦርሳ ሴቶቹ ፊት አስቀመጠች። ከእንግዲህ እኔን አትመኑኝ፣ ልቤ ከእኔ ጋር አይደለም አለቻቸው። ሙቴው ይሄን ከሰው ነው የሰማችው። ዕንባዋ እየወረደ ያደረገችውን ሁሉ ጻፈችና ለመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ላከችው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የኮምፒውተር መግቢያዋን ዘጉት። የጠፋው መስመር፣ ማን መቼ እንዳጠፋው የሚያሳየው ሁሉ እዚያው ውስጥ ቀረ። ከበር ስትወጣ የያዘችው አንድ ኩባያና አንድ ሹራብ ነው።

በማግስቱ ማቻኮስ ወረደች። ስዮካው ሙቶኮይ የሚሉትን የተፈተገ በቆሎ ቀቅላ ጠበቀቻት። ሙቴው ሳትቀምስ ሁሉንም ነገረቻት። ስዮካው ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እንግዲያ ጤነኛ ነኝ» አለች።

«ጤነኛ ነሽ፣ አክስቴ።»

ስዮካው ፊቷ ሁሉ በራ፤ እንዲያውም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«የደወልሽ ለት።»

ስዮካው ስንት ቀን ራሷን ስትፈራ እንደከረመች ሙቴው ያኔ ነው የገባት። ብትሰድባት፣ በጥፊ ብትላት በተሻላት።

«መሬቱ ይቅር» አለች ስዮካው። «ጭንቅላቴን ግን ሰው ፊት መልሺልኝ።»

ቅዳሜ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ሙቴው ተነስታ ቆመች። ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ካርዱ፣ በእጇ ስላጠፋችው መስመር ሕፃን እንኳ በሚገባው ቋንቋ ተናገረች። አክስቴ ምንም አልረሳችም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ማስረጃ አለሽ ወይ አለ አንዱ። አልነበራትም። ሊቀ መንበሩ ንዚዮካ መሥሪያ ቤቷ ደውሎ ጠይቆ ነበር፤ ማሽኑ ትክክል ነው፣ ልጅቷም ከእኛ ጋር አትሠራም ብለውታል። ሁሉም ቀይሯል ብሎ ያረጋገጠው ራሱ ንዚዮካ መሆኑን ግን ማንም አላነሳበትም። ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ ስዮካው የታደሉ ናቸው» አለ። «ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ? የእናቷን እርጅና ለመሸፈን ሥራዋንም ስሟንም የሰጠች ልጅ። እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

ተጨበጨበ። ኧረ እንዴት ያለ ጭብጨባ! የዕቁቡ ሴቶች ዓይናቸውን እየጠረጉ መጥተው ሙቴውን አቀፏት። ኧረ እውነቴን ነው ባለች ቁጥር የባሰ ጥብቅ አድርገው አቀፏት። ቦርሳውን ግን የመለሰ የለም።

አክስትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በአቧራማው መንገድ ወደ ቤት ሄዱ። የአስተማሪው ግድግዳ ወገብ ደርሷል። ስዮካው እዚያ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሙቴው፣ አሁን እኔና አንቺ ብቻ ነን። ያልሽው እውነት ነው፣ ወይስ ለእኔ ብለሽ ነው?»

ሙቴው ማለች። በእናቷ አጥንት ማለች፣ ስዮካው ባጠበችው ልጇ ማለች። ስዮካው እጇን መታ መታ አደረገቻት።

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አለቻትና መንገዱን ቀጠለች።