እንጨት እንጨት ነው

«ዝምተኛ ልጅ ነበር» አሉ ጋሽ ማሞ፣ ድንኳኑ ውስጥ አዲስ ገብተው ለተቀመጡት ለቀስተኞች። «አንገቱን ደፍቶ ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ።»

ጸደንያ ጥርሷን ነከሰች። ጋሽ ማሞ የአባቷ ወንድም ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ጉዳይ ሁሉ ፊት የሚቆሙት እሳቸው ስለሆኑ ክፉ ልትናገራቸው አትችልም። ግን ከቀብር መልስ ጀምሮ ለገባው ሁሉ ይህንኑ ይደጋግማሉ፤ የገባውም ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይቀበላቸዋል። ሚሳኤልን ከዝምታ ጋር ምን አገናኘው? ወንድሟ፣ ጎፋ ሰፈር ከታክሲ ከወረዱበት አንስቶ ኮንዶሚኒየማቸው አራተኛ ፎቅ እስኪደርሱ ስለ ጽድ ቅርፊት ሲያወራ መጥቶ፣ በር ላይ ቁልፉን እየፈለገ «ዋናውን ሳልነግርሽ» የሚል ሰው ነበር።

አንዲት ሴትዮ ሟቹ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቁ። ጋሽ ማሞ ኮምፒውተር ነው አሉ። ሴትየዋ ጥገና ነው ወይ ሲሉ፣ ጥገናም አለበት ብለው መለሱላቸው። ጸደንያ ልታርም አፏን ከፍታ ተወችው። ጌም ይሠራ ነበር ብትል፣ ጌም ይጫወት ነበር ብለው ነው የሚሰሙት። ያንን ለማስረዳት ደግሞ አቅም አልነበራትም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። ጸደንያ፣ ሚሳኤልና ጓደኛቸው ሕዝቅኤል ሆነው ጌም እየሠሩ ነበር። ለተጫዋቹ ባዶ መሬት ይሰጠዋል፤ ዛፍ ይቆርጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ሰው ያሰፍራል፣ መንደሩ እያደገ ይሄዳል። ኮዱን የምትጽፈው ጸደንያ ናት፤ ሥዕሉና ድምፁ የሚሳኤል ነው፤ ጌሙን የሚያወጣ ድርጅት ማፈላለግ የሕዝቅኤል ድርሻ ነው። መጀመሪያ ላይ ጌሙ ውስጥ የነበረው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ነበር። ሲቆረጥ እንጨት ይሆናል፤ እንጨቱ ሲበቃ ቤት ይሆናል። ምንም አልጎደለውም ነበር።

አንድ ቀን ሚሳኤል ስክሪኑን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «ይሄ ዛፍ ማን ይባላል?» አላት።

«ዛፍ ነዋ።»

«ዛፍ የሚባል ዛፍ የለም፣ ጸዲ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም አላገኘችም። መጀመሪያ ባሕር ዛፍና ጽድ ይለዩ አለ። ለየችለት። ባሕር ዛፉ ቶሎ ይድረስ፣ ነገር ግን ምሰሶውን ምስጥ ይብላው አለ። ጽዱ ደግሞ ቀስ ብሎ ይደግ፣ ምስጥም አይድፈረው። እሱን ጨርሳ ሳታርፍ ወይራ መጣ፤ ወይራ መጥረቢያ ማደንዘዝ አለበት፣ ፍሙም ከሌላው እንጨት ሁሉ መቆየት አለበት። ዋንዛ ለበርና ለበርጩማ፣ ኮሶ ለአልጋ። እሱ ቁርስ ላይ እንደ ቀልድ የሚጥላት አንዲት ቃል ለእሷ የሳምንት ሥራ ነበረች። ጌሙን ለሙከራ የሰጧቸው ልጆች ቤታችን በራሱ ጊዜ ፈረሰብን ብለው ሲያማርሩ እሷ ራሷን ያዘች፤ እሱ ግን እየሳቀ፣ ባሕር ዛፉን ሳያደርቁ አቁመውት ነዋ አለ።

«እንጨት እንጨት ነው፣ ሚሳኤል» አለችው ያን ቀን። «ሰው የሚጫወተው ሊዝናና ነው፣ አናጺ ሊሆን አይደለም።»

አልተቆጣም። ይበልጥ የሚያቃጥላትም ይህ ነበር፤ አይቆጣም። ሻይ አፍልቶ ያመጣላትና ካቆመበት ይቀጥላል።

በቀብሩ ዕለት የደረሰባት ደግሞ የባሰ ነበር። ሣጥኑ ሐምራዊ ከፋይ ለብሶ ሳሎን መሃል ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች። እያለቀሰች በጣቷ አንጓ ነካ አደረገችው። ድምፁ የፈዘዘ ነበር። ቺፕውድ ነው፣ አለች በሆዷ፤ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል። በዚያ ሰዓት ይህን በማሰቧ አፈረች። ወዲያው ደግሞ በሚሳኤል ተናደደች። ሳትፈልግ ጭንቅላቷን በእንጨት ሞልቶባት ሄደ። ከእንግዲህ የሰው በር እንኳ ከምን እንደተሠራ ሳታስብ ማንኳኳት አትችልም።

ከኋላዋ የተቀመጡት ሴቶች በሹክሹክታ ከየት ሲመጣ ነው የተገጨው ይባባሉ ነበር። አንደኛዋ ከሥራ ሲመለስ ነው አለች። ጸደንያ ዘወር ብላ አላየቻቸውም። ከዝግባ ነበር የሚመለሰው። ሱባ ጫካ ሄዶ የዝግባ ቅርፊት ፎቶ አንስቶ መጥቶ ነበር፤ ያነሳው ግን በአንድ ወገን ብቻ ኖሮ፣ ጌሙ ውስጥ ሲተክሉት ዛፉ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ሆነ። እሷ ከኢንተርኔት ሌላ ቅርፊት ፈልጋ አመጣችለት፤ ማንም አይለየውም። እሱ ግን፣ ጥላ ያለበት ወገን ሽበት አለው፣ ይሄ የእኛ ዝግባ አይደለም ብሎ ተመልሶ ሄደ። ሲመለስ ሀይሌ ጋርመንት ላይ ከታክሲ ወርዶ መንገድ ሲያቋርጥ የጭነት መኪና ገጨው። ካሜራው ምንም አልሆነም። ለአንድ ዛፍ ጀርባ፣ ትላለች ለብቻዋ ስትሆን። ለአንድ ዛፍ ጀርባ።

በሠልስቱ ዕለት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳ ሲቀርብ፣ ሕዝቅኤል ጠርቶ ከድንኳኑ ጀርባ ውሃ ታንከሩ ጋ ወሰዳት። እሱም አልቅሶ ዓይኑ አብጧል። እያፈረ እያፈረ ነገራት። ጌሙን የሚያወጣው ድርጅት የመጨረሻውን ቅጂ እስከ ነገ ይፈልጋል፤ ሐዘን ላይ ነን ብሎ ቢለምናቸው አዝነናል አሉት እንጂ ቀኑን አላራዘሙትም። ዝግባው አላለቀም። እንዲህ ሳያልቅ ከገባ ደግሞ ጌሙ መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሁሉንም እንደ ድሮው አንድ ዛፍ ብታደርገውስ?

«ያንቺኑ ሐሳብ ነው የምልሽ» አላት። «እንጨት እንጨት ነው ስትዪ የነበርሽው አንቺ ነሽ እኮ።»

ጸደንያ በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራትም። ይህን ያህል ጊዜ ተሟግታ ያላሸነፈችው ክርክር አሁን፣ ተከራካሪው ሲሞት፣ ተፈረደላት። አየዋለሁ ብላው ወደ ላይ ወጣች።

የሚሳኤል ክፍል የእንግዳ ፍራሽ ተደርድሮበት፣ የሰው ካፖርት ተከምሮበት ነበር። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ዛፎቹን አንድ ማድረግ ቀላል ነበር፤ አንድ ቀን ይሰለቸዋል ብላ ተስፋ በማድረግ የዛፎቹን ልዩነት ማጥፊያ ድሮ ደብቃ አስቀምጣ ነበር። አጠፋችው። ኮረብታው ሁሉ በአንዴ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆነ። ለጥቂት ጊዜ አየችው፤ የሰው ቤት የገባች መሰላት። መልሳ አበራችው።

ዝግባውን ብቻ ብትነቅለው ሌላው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ዛፎቹን በየተራ መቁረጥ ጀመረች። ሁልጊዜ ስትፈትን ድምፁን ዘግታ ነው፤ ድምፅ የሱ ሥራ ነው። ዛሬ ግን ከታች የሚመጣውን የካርታ ተጫዋቾች ጫጫታ ላለመስማት የጆሮ ማዳመጫ አድርጋለች። ዋንዛው ሲቆረጥ ለስላሳ ድምፅ ሰጠ። ጽዱ ተሰነጠቀ። ወይራው ጋ ስትደርስ መጥረቢያው ድንጋይ የመታ ያህል ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ፤ ከዚያ ሰው ሲያለከልክ ሰማች። ከባድ ትንፋሽ ነው፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ የሰለቸው ሰው ድምፅ፣ «ኧረ በናትህ» አለ።

ሚሳኤል ነው። ወይራውን እየለመነ ነው።

መጥረቢያ ይዞ የሆነ ቦታ ሄዶ፣ እውነተኛ ወይራ ሲመታ ራሱን ቀድቶ፣ ሳያጸዳው አስገብቶታል። ረስቶት እንዳልሆነ አወቀች። ወይራ የሚቆርጥ ሰው ሊደክመው ይገባል ብሎ ነው።

ስልኳን አንስታ ለሕዝቅኤል ጻፈችለት። ጌሙ ከነዛፎቹ ነው የሚሄደው፤ ነገ ካልሆነ ካሉ ይተዉት፤ ዝግባው ሲደርስ ይደርሳል።

በሩ ተከፍቶ እናቷ ትሩፋት ገባች። የምትቀይረው ነጠላ ፈልጋ ነበር። ከለቅሶው ብዛት ድምፅዋ ተዘግቷል፤ የልጇን ፊት ስታይ በዓይኗ ብቻ ምን ሆንሽ አለቻት። ጸደንያ ቦታ ለቀቀችላትና የጆሮ ማዳመጫውን በጥቁር ሻሿ ላይ አደረገችላት። ከዚያ ሌላ ወይራ ቆረጠች።

እናቷ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘች። ዛፉ እስኪወድቅ አልተነቃነቀችም።

«ድገሚው» አለች በማይሰማ ድምፅ።

ጸደንያ ደገመችው። እንደገናም ደገመችው። ሚሳኤል ወይራን ብርቅ አድርጎ የተከለው፣ እድገቱንም ያዘገየው ስለሆነ ኮረብታው ላይ የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ወደ ቀጣዩ ጠጋች።

«ተይው» አለች እናቷ። «ደክሞታል። ይረፍ።»

የጸደንያን እጅ ከማውሱ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።