ለአማት የተከፈተው በር

ገበያነሽን ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሆዷን ሲበላት ኖረ። አባቷ የሠሩት የጡብ ቤት ሁለት በር ስላለው ብቻ ሁለት ቤት ተብሎ ተቆጥሮባታል።

አባቷ አቶ ደበሌ ግንበኛ ነበሩ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጭቃውን ራሳቸው አቡክተው፣ ጡቡን ራሳቸው አቃጥለው ያቆሙት ቤት ነው። በአገራቸው ደንብ አማች ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም። አማታቸው ደግሞ አብረዋቸው ሊኖሩ መጡ። ምን ያድርጉ? በቤቱ ጫፍ ላይ ክፍል ለዩላቸው፤ ለአሮጊቷ ብቻ የውጭ በር አወጡላቸው፤ ከልጃቸው፣ ከገበያነሽ እናት ጋር፣ የሚገናኙበትም የውስጥ በር ተዉላቸው። መሠረቱ አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ ጡቡም እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነው።

አሮጊቷ ካረፉ በኋላ፣ በስልሳ ሰባት፣ ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የቀበሌው መዝጋቢ ጓድ ግዛቸው መጣ። ውስጥ እንኳ አልገባም። አጥሩ ጋ ቆሞ በሮቹን በእርሳስ ጠቆመና «ሁለት ቤት። አንዱ ትርፍ ነው» ብሎ ጻፈ። አቶ ደበሌ በዓመቱ ሞቱ። ቀበሌው የውስጡን በር በጭቃ አስደፍኖ ክፍሉን አከራየው። ገበያነሽም በገዛ ግድግዳዋ የሰው ሬዲዮ ሲጮህባት ከረመች። አቤት ያላለችበት ደጃፍ የለም።

«እትዬ፣ መዝገቡ ሁለት በር ነው የሚለው» ይላታል ግዛቸው በሄደች ቁጥር።

«ዶሮ ቤቴም በር አለው፤ ሦስተኛ አርገህ ጻፈዋ» ትለዋለች።

በሰባ አምስት ተከራዩ ወደ ዲላ ተዛወረ። ግዛቸው «ሰኞ ሌላ ሰው ይገባል» ብሎ ቆልፎ ሄደ።

ቅዳሜ ማለዳ ገበያነሽ የአባቷን መዶሻ አነሣች። የጭቃውን ድፍን ናደችና በውስጥ ገባች። የውጭውን በር ከነማጠፊያው ነቀለችው። ከዚያ ከጓሮ ጡብ እያመላለሰች ክፍተቱን ከውስጥ ሆና ትገነባው ጀመር።

ወሬው የደረሰው ግዛቸው እያለከለከ ሲመጣ ግንቡ ደረቷ ደርሷል።

«ምን መሥራትሽ ነው? የመንግሥት ቤት እኮ ነው።»

«የአያቴ ክፍል ነው።»

«ትታሰሪያለሽ።»

«እታሰራለሁ። አንተ ግን ተከራይህን በየት ልታስገባው ነው? በሳሎኔ? በአልጋዬ ሥር?»

ግዛቸው ግንቡን አየ፣ አጥሩን አየ፣ መዝገቡን ከብብቱ አውጥቶ መልሶ ወሸቀው። «ነገ ሊቀመንበሩን ይዤ እመጣለሁ» አላት።

«ይምጣ። በዋናው በር አንኳኩቶ ይግባ፤ አንተንም ያስከትልህ። ነገስ ውስጡን ታየዋለህ።»

ይህን ብላ ጭቃ ደፋች። አንድ ጡብ ፊቱ ትይዩ አስቀመጠች። በላዩ ሌላ ደረበች።