«ፀዳለ ምሥራቅ» መርከብና የናኹዳ ሑመድ መሐላ

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ አዲስ ነገርን አብዝቶ የሚጠላው ነገሩ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ የራሱን ማርጀት ያለ ርኅራኄ ስለሚነግረው እንደ ሆነ አስተውል። የምፅዋ ሰው «ፀዳለ ምሥራቅ» የተባለችውን የእንፋሎት መርከብ፥ ያችን ድምፀ ነጎድጓድ፥ መንገደኛና ጭነት በአንድነት ተሸክማ ከቀትር በኋላ የምትነሣውን፥ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛም በማግሥቱ አሰብ የምትደርሰውን ዕፁብ ፍጥረት በእልልታ በተቀበለ ጊዜ፥ ከወደቡ ሰው ሁሉ አንድ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ እርሱም ሠላሳ ዓመት በሸራ ጀልባ ያንን ጠረፍ የተመላለሰ፥ ነፋስን በጉንጩ የሚለይ አረጋዊ የጀልባ አለቃ፥ ናኹዳ ሑመድ ኑሪ ነበረ። «እግሬ ያችን ብረት ቢረግጥ ባሕሩ አይማረኝ!» ብሎም በሕዝብ ፊት ማለ።

በሦስተኛው ዓመት ግን አሰብ ከተዳረችው ከአንዲት ልጁ ከሰዕዲያ ዘንድ፥ «አባቴ፥ ምጤ ቀርቧል፥ ጉልበቴም ከድቶኛል፤ ሳላይህ እንዳልቀር ፈራሁ» የሚል ቴሌግራም ደረሰው። ወቅቱ የደቡብ ነፋስ የሚበረታበት ነበረና ጀልባው ሳምንት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መሐላውን እንደ እሬት ውጦ፥ ፊቱን በሻሹ ሸፍኖ፥ ከመርከቢቱ ወለል ላይ በዱቄት ጆንያና በፍየል መካከል ተቀመጠ። ዳሩ ግን ያች መርከብ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ ባሕሩን እንደ ጨርቅ ስትተረትረው ባየ ጊዜ፥ ከሐዲ ልቡ «ወይ ጉድ! ወይ ኃይል!» እያለ በደረቱ ውስጥ ዘለለ።

ሲነጋ ከበረሓው የተነሣ አቧራ ፀሐይን ጋረደ። ሑመድ ዝቅ ብሎ ቢመለከት ውኃው ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ቅጠልያ ተለውጧል፥ ይህም ጥልቁ አልቆ ዐለት መቅረቡን ነገረው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለመርከቢቱ የተመኘላት ጥፋትም እነሆ ከፊቷ ተጋድሟል። በአጠገቡ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች። አላመነታም፤ መንገደኛ የማይወጣበትን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፥ ሊያስቆመው የያዘውን መርከበኛ ሻሹን አስታቅፎት፥ ከመሪው ዘንድ ደረሰ።

«ካፒቴን፥ ወደ ግራ መልሳት! ፊትህ ዐለት ነው!»

ወጣቱ ካፒቴን አስፍሃም በጨዋ ደንብ፥ «አባቴ፥ ካርታው በዚህ ስፍራ ጥልቅ ባሕር ነው ይላል» አለው።

«ልጄ፥ ካርታህ አልዋሸም፤ እኛ ግን ካርታህ በሚለው ስፍራ የለንም! ነፋሱና የውኃው ግፊት ሌሊቱን ወደ ጠረፍ ሲገፉን አድረዋል። ገመድ ጥለህ ለካ!»

የመለኪያው ገመድ ወረደ። «ስምንት ክንድ!» ብሎ መርከበኛው ጮኸ። ካፒቴኑ ሞተሩን አስቁሞ፥ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ፥ «መውጫውን ያውቁታል?» ቢለው፥ «በጀልባ አውቀዋለሁ» አለ ሑመድ። «እንግዲያስ ይምሩን።»

አረጋዊውም ከመርከቢቱ አፍንጫ ላይ ቆመ፤ ቀኝ እጁን ሲያነሣ ወደ ቀኝ፥ ግራውን ሲያነሣ ወደ ግራ፥ ያ ሁሉ ብረት እንደ ተገራ በቅሎ ታዘዘለት! ሁለት መቶ መንገደኛ እጆቹን በዓይኑ ተከተለ፤ ዐለቱ በግራም በቀኝም ነጭ አረፋ እየተፋ አለፈ፤ አንድ ጊዜም የመርከቢቱ ሆድ አሸዋውን ላሰውና ፍየሎቹ እንኳ ዝም አሉ። በድንገት ውኃው ጠቆረ፥ ጠለቀ፥ ሰፋ! እልልታው ሲቀልጥ ሑመድ የገዛ ድምፁን ሰማ፤ «እሰይ፥ የኔ እመቤት! ሂጂ! ብረሪ!» ይላል፤ እንባውም በጢሙ ላይ ይወርዳል።

ቀትር ላይ አሰብ ደረሱ። ሰዕዲያን በሕይወት አገኛት፤ በማግሥቱም ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እርሱም ስለ ፈረሰው መሐላው እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ዐሥር ድኾችን አበላ፤ ከዚያም ካፒቴኑ ለምኖት፥ «ፀዳለ ምሥራቅ» አርጅታ ብረቷ እስኪፈታታ ድረስ ዐሥራ አንድ ዓመት መንገድ መሪዋ ሆነ። ሰው የጠላውን ባዳነ ጊዜ ከጥፋት የሚያወጣው ያንን ብቻ አይደለምና።