የሬሚ ላፎን ምላስና የስቴፋ ማማሰያ

ሥራዬ በር መክፈት ነው። ይህም ሥራ ሆኖ ነው የሚል ካለ፣ ቅዳሜ ማታ ይምጣና ደሙ የፈላ መቶ ኪሎ ሰው ከበረዶው ላይ ሲመጣ በሩን ይክፈትለት። በሆልብሩክ የበረዶ ላይ ሆኪ ሜዳ የእንግዳው ቡድን ቅጣት ቤት ጠባቂ እኔ ነኝ፤ ኦረስት እባላለሁ። ከእህል ጎተራው ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ቦታ ነው። ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ቡድኑም እስከዚያ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። ማውራት አይፈቀድልኝም፤ መደገፍም አይፈቀድልኝም። ፎጣ አቀብላለሁ፣ ጊዜው ሲሞላ መቀርቀሪያውን እስባለሁ።

ያንን አግዳሚ እንደ ሬሚ ላፎን ያሞቀው የለም። ሬሚ የተቀናቃኞቻችን የፕራይስቪል ነገረኛ ነበር። በሆኪ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ጎል እንዲያገባ ሳይሆን ሌላውን እንዲያናድድ የሚቀጠር። የሌላውን ቡድን ኮከብ ይጠጋል፣ ጆሮው ሥር አንድ ነገር ሹክ ይለዋል፣ ኮከቡ ዱላውን ጥሎ በቡጢ ይለዋል። ዳኛው ሁለቱንም ወደ ቅጣት ቤት ይልካል። እነዚያ ኮከባቸውን ያጣሉ፣ ፕራይስቪል ሬሚን ያጣል። ትርፉ የማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል።

ለአንድ ግብ ጠባቂ፣ ሰውየው ጎሉን ጥሎ እስኪያሳድደው ድረስ እሹሩሩ ዘፍኖለታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከተቃራኒ ቡድን ተጠባባቂዎች መካከል ሄዶ ተቀመጠና ውሃ ጠየቃቸው፤ ሊጉም ይህን የሚከለክል ደንብ ለማውጣት ተገደደ። ጋዜጣው የጨዋታው ነቀርሳ ይለዋል፤ ያው ጋዜጣ ፎቶውን ፊት ገጹ ላይ ያወጣል። ወዳጁም ጠላቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሬሚ ላፎን ድንበር የማያውቅ ሰው መሆኑ ነው።

ከመስታወቱ ጀርባ፣ ልክ ከራሴ በላይ ባለው ወንበር ባለቤቴ ስቴፋ ትቀመጣለች። ቤት ውስጥ ድመቷን እንኳ “እባክሽ” ብላ ነው የምታስወጣት። ሜዳ ስትመጣ ግን የእንጨት ማማሰያዋን በኮቷ ውስጥ ይዛ ትመጣለች። ሬሚ ቅጣት ቤት የገባ እንደሆነ መስታወቱን በማማሰያው እየደበደበች ትነሣለች።

“ጥርሰ ወላቃ!” ትለዋለች። “እናትህ አንተን ስትወልድ አዋላጇ ይቅርታ ጠይቃታለች!”

“እማማ፣” ይላታል ውሃውን እየተጎነጨ፣ “ባልሽ ያሳዝነኛል። የት ነው የተቀበረው?”

ባሏ በመካከላቸው እጁን መቀርቀሪያው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ከጨዋታ በኋላ ስቴፋ ጉንጯ ቀልቶ፣ ያለችውንና ልትለው ሲገባ ያላለችውን ሁሉ መኪና ውስጥ እየደገመችልኝ ወደ ቤት እንገባ ነበር።

ባለፈው መጸው ፕራይስቪል ሬሚን በሁለት ወጣቶች ለወጠና ለእኛ ሰጠው። እዚህ ከተማ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ የእኛን ማሊያ የለበሰ ሰው በክፉ አይነሣም። ሬሚን ሲረግም የኖረው ፀጉር አስተካካይ በማግስቱ የሬሚን ፎቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ስሙ በክሬም የተጻፈበት ኬክ የጋገሩለትም አሉ። ስቴፋም ሕጉን የምትጠብቀው ከዓሥርቱ ትእዛዛት አስከትላ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሬሚ የእኛን ማሊያ ለብሶ ሲገባ ማማሰያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ዝም አለች። ቀጥሎ ማማሰያዋን ቤት ተወችው። ከዚያም በብርዱ ጉልበቴን ያመኛል ብላ ጭራሽ ቀረች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዕድሜዬን እህል ስጠብቅ ኖሬአለሁና ነቀዝ ሲገባ አውቃለሁ፤ የስቴፋ ዝምታ ነቅዟል። ከጥቂት ዓመት ወዲህ አፍንጫዋ ማሽተት ትቷል፤ ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ሽንኩርት ስትጠብስ ያርርባታል፤ እኔም ምንም ሳልል እበላለሁ፤ እሷም ምንም እንደማልል ታውቃለች። አሁን ደግሞ ወሬዋም ጠፋ። ጠዋት ሻይ ትቀዳልኛለች፣ መስኮት ላይ ትቀመጣለች፣ ይመሻል። ፈራሁ። ሚስቴ አጠገቤ እያለች ናፈቀችኝ።

ሬሚም ቢሆን አልሆነለትም። ሌላ ከተማ ሲሄዱ ጋኔን ነው አሉ። እዚህ ሲጫወት ግን ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ሲያጨበጭብለት እግሩ ይተሳሰራል፤ ለተቃራኒው ቡድን “ይቅርታ” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየካቲት ወር አንድ ማታ መኪናው በብርዱ አልነሣ ብላው ከእኔ ባትሪ ጋር ስናገናኝ ሁሉንም ነገረኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ከፕራይስቪል ጋር እንጫወታለን። አሰልጣኙ በዚያ ቀን ካልነቃህ ዕቃህን ሰብስብ ብሎታል። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሌላ የሚወስደው ቡድን የለም።

“ሰው ሲወደኝ ሥራ አልችልም፣” አለኝ እጁ ላይ እየተነፈሰ። “ምላሴም ይተሳሰራል። ለመሆኑ ያቺ ማማሰያ የምትይዘው አሮጊት ሞተች እንዴ? እሷ ብትሰድበኝ እንኳ አንድ ነገር ነበር።”

“ሚስቴ ናት፣” አልሁት።

የባትሪውን ገመድ ለቆ ዞረብኝ። “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልነገርከኝም?”

“ማውራት አይፈቀድልኝም።”

በሽታቸው አንድ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማሊያችንን ስለለበሰ ልትሰድበው እንደማትችል ነገርሁት። እንደ ሐኪም ጠየቀኝ፤ በምን ነው የምትኮራው?

ዋሽቼ መሄድ እችል ነበር። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሚስቴን ለከተማው ሁሉ ነገረኛ አሳልፌ መስጠቴ ነው። “ፔሮጊ ስትሠራ፣” አልሁት። ድንችና አይብ ሞልታ የምትቀቅለው ሊጥ ነው፤ ጠርዙን እንደ እናቷ በጣቷ እየቆነጠጠች ትዘጋዋለች፤ በዚህ ከተማ እሷን የሚስተካከል የለም። ስለ ሽንኩርቱ ግን ትንፍሽ አላልሁም።

ሐሙስ ማታ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ እራት ነበር፤ ተጫዋቾቹ በየዓመቱ ይጋበዛሉ፣ ሴቶቹ ያስተናግዳሉ። ስቴፋ የሬሚን ሳህን ሞላችለት፤ ፔሮጊ፣ ከላይ እርጎ፣ ከላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት። አንዱን ጎረሰ። ረጋ ብሎ አላመጠ። ከዚያ ባልጠበቅሁት ትሕትና ከወንበሩ ብድግ አለ።

“እማማ ስቴፋ፣ እጅዎ ይባረክ። ከየትኛው ሱቅ ነው የገዟቸው?”

ቄሱ ሹካቸውን አስቀመጡ። ስቴፋ ጭልፋውን ይዛ ቆማ ቀረች።

“አይቀየሙኝ፣” ጨመረ፣ “ከማቀዝቀዣ የወጣ እኔ ለምጄዋለሁ።”

ጭልፋውን አስቀምጣ ኮቷን ለበሰች። መኪና ውስጥም፣ ቤትም፣ ዓርብ ሙሉ ቀንም አልተናገረችም። ገደልኳት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ኮቴን ስለብስ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ኮቷ በአንድ በኩል አብጧል። ጉልበትሽስ ብላት፣ “ንዳ” አለችኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሬሚ ሲገባ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ስሙን እየጠራ አጨበጨበ፣ እሱም እንደ ልማዱ ተሳሰረ። ያን ጊዜ ከራሴ በላይ መስታወቱ ተናወጠ።

“ጥርሰ ወላቃ! አንተን አምጥቶ የጣለብን ቀን ይረገም!”

ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላዋ ያለው ሰው የእኛ ልጅ እኮ ነው ብሎ ሊያስቀምጣት ሞከረ። “የማንም ይሁን፣” አለችው፣ “ፔሮጊዬን ከሱቅ ነው ብሏል!” ወሬው ከረድፍ ረድፍ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። የአዳራሹ ሴቶች ሁሉ ያን ሊጥ አብረው የቆነጠጡ ናቸው። አንዷ ተነሣች፣ ሌላዋ ተከተለች፤ ወዲያው አንድ ወገን ሙሉ በራሱ ተጫዋች ላይ ይጮህ ጀመር። በሆልብሩክ ታሪክ እንዲህ ያለ ጉድ ታይቶ አይታወቅም።

ሬሚ ቀና አለ። ትከሻው ሰፋ። የፕራይስቪልን አምበል፣ የቀድሞ ጓደኛውን ተጠጋና ጆሮው ሥር አንድ ነገር አለው። አምበሉ ዱላውን ጣለ። እሱ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ ሁለት ጎል አገባን፤ ጨዋታውንም በዚያ አሸነፍን። ጎሉ ሲገባ እኔ የአምበሉን ቁና ቁና ትንፋሽ እየሰማሁ ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ ሥራ ሥራ ነው።

በመካከሉ ሬሚም ተቀጥቶ ነበር። የእኛ ቡድን ቅጣት ቤት ከእኔው ጎን ነው፤ ሰዓት ያዡ ብቻ ነው መካከላችን ያለው። አንገቱን ወደ ስቴፋ አሰገገ።

“እማማ፣ እስከ ዛሬ የት ጠፍተሽ ነው?”

“ሱቅ ሄጄ!” አለችው።

ያን ማታ እስከ ቤታችን ስታወራ ገባች። እኔም ዓይኔ እንባ ሞልቶ መንገዱን በጭንቅ ነው ያየሁት።

አሰልጣኙ ሬሚን እስከ ጨዋታው ዘመን መጨረሻ አቆየው። በጸደይ ጉልበቱ በቃኝ አለውና ጫማውን ሰቀለ። ወደ ትውልድ አገሩ ሊሄድ ሲነሣ ስቴፋ በአንድ ሣጥን ፔሮጊ ጠቅልላ ሰጠችኝ። “ከሱቅ ነው በለው፣” አለች።

ሬሚ ያንኑ መኪና ተደግፎ ሣጥኑን ከፈተ፣ ቆሞ ሁለት ሦስቱን ጎረሰ።

“ሽንኩርቱ አርሯል፣” አለ።

“አወቅህ?”

“አዳራሹ ውስጥ፣ መጀመሪያ ስጎርስ ነው ያወቅሁት። ቀደም ሲል ጭሱ ከምድጃው ተነሥቶ ሰው አፍንጫውን ሲይዝ፣ እሷን እንዳልሸተታት አይቼ ነበር።”

“ታዲያ ለምን እሱን አላልህም? ያ ነበር እኮ የሚያበግናት።”

ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመው። “ሽማግሌው፣ ሰው በሚኮራበት ስትነካው ይደባደባል። በሚያፍርበት ስትነካው ያለቅሳል። እኔ ሰው ለማስለቀስ ተቀጥሬ አላውቅም።”

ሣጥኑን ጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይንሸራተት በቀበቶ አስሮት ሄደ።

ቤት ስገባ ስቴፋ ምድጃው ፊት ቆማለች፤ ሽንኩርቱ እያረረ ነው። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። መስኮቱን ከፈት አደረግሁና፣ ሱቁን ለውጪ ብሎሻል አልኳት። ማማሰያውን አንስታ መጣችብኝ።